መስቀሉን የሳተው እጄ

ይህን የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ግን ልጄ ሰላም ናት። ደብረ ማርቆስ ከተማ አስተማሪ ናት። በዕረፍቷ ቀን ትመጣና አጠገቤ ቁጭ ትላለች፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አንዳንድ ቦታ ላይ ስንደርስ እስክሪብቶዋን ታቆምና «አባዬ፣ ይኼን እንኳ ብንተወው?» ትለኛለች። አትተዪው እላታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ስገለብጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። የራሴ ጉድ ላይ ስደርስ ልቀንስ እንዴ?

ስሜ ሞላ ነው፤ ሰው መሪጌታ ሞላ ይለኛል። የምኖረው ከቁይ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ መንደር ነው። ሥራዬ ብራና ላይ መጻፍ ነበር። በልጅነቴ ዲማ የሚባል ደብር ለቅኔ ትምህርት ወርጄ፣ እዚያው አንድ ሽማግሌ ቁም ጽሕፈት አስተማሩኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ብዕር ሳይዝ የዋለበት ቀን ቢኖር የበዓል ቀን ብቻ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናዘዝ። በዓይኔ እመካ ነበር። ሃምሳን አልፌ መነጽር አላወቅሁም። ዲማ አንድ ጎጆ ያደርን መሪጌታ ጥበቡ የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ እሱም ጸሐፊ ነው። መነጽሩን በክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ባየሁት ቁጥር «ምነዋ፣ ቃጭል አሰሩብህ እንዴ?» እያልሁ እስቅበታለሁ። እሱም አብሮኝ ይስቃል። የኔ ሳቅ ግን ንጹሕ አልነበረም፤ እበልጥሃለሁ ማለቴ ነበር። ደግሞም ቁይ ጤና ጣቢያ ደም ግፊት አለብህ ብለው የሰጡኝን ኪኒን አንድ ወር ውጬ፣ ምንም አላመመኝም ብዬ፣ የተረፈውን ኪኒን የብራና ቁራጭ በማስቀምጥበት ሙዳይ ውስጥ ጥዬው ነበር።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ነው። የመንደራችን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዳዊት አስጽፈውኝ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ለኅዳር ጽዮን መድረስ አለበት። መዝሙሩን ጨርሻለሁ፣ ጸሎተ ነቢያቱን ጨርሻለሁ፤ ከውዳሴ ማርያም ላይም የሐሙሱን አልፌ የዐርቡን ጀምሬያለሁ። በኛ ሙያ አንድ መጽሐፍ በአንድ እጅ ማለቅ አለበት። በመሐል እጅ የተለወጠ እንደሆነ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጸሐፊው ሞተ ወይም ሰነፈ ይባላል። እኔ ደግሞ ያ ዳዊት የመጨረሻ ትልቅ ሥራዬ እንደሚሆን ለራሴ ነግሬው ስለነበር፣ ከፊደሎቹ አንዱ እንኳ ከሌላው እንዲያንስብኝ አልፈልግም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ስነሣ ራሴን ከብዶኛል። ብርድ ነው ብዬ ጋቢዬን ደርቤ ደጅ ወጣሁና እንደ ወትሮዬ ቁጭ አልሁ። የምገለብጥበት መጽሐፍ በግራዬ አትሮንሱ ላይ ነው፤ ብራናው ጉልበቴ ላይ፤ ሁለቱ የቀለም ቀንዶች በቀኜ መሬት ውስጥ ተተክለዋል፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቀይ። ከነሱ ወዲያ ትናንት የጻፍሁት የብራና ቅጠል ተዘርግቶ ይደርቃል። የእመቤታችን ስም ላይ ደርሻለሁ፤ ስሟ የሚጻፈው በቀይ ነው። ቀይ ብዕሬን አንሥቼ እጄን ወደ ቀንዱ ሰደድሁ።

ብዕሩ አፈር ውስጥ ተሰካ።

ሳቅሁ። አረጀህ አልሁና ጫፉን ጠርጌ እንደገና ሰደድሁት። አሁን የእጄ ጀርባ ቀንዱን መታው፤ ቀንዱ ተነቅሎ ወደቀና ቀዩ ቀለም ትናንት በጻፍሁት ቅጠል ላይ ፈሰሰ።

ሚስቴ አትጠገብ ድምፁን ሰምታ ከቤት ወጣች። «ምንድን ነው የወደቀው?»

«ድመቷ ናት» አልሁ።

«የቷ ድመት?»

«የኛዋ ናታ!»

«የኛዋ ድመት ከሞተች ዓመቷ» አለችና ትኩር ብላ አየችኝ። እኔ ብራናውን በጨርቅ አደርቃለሁ ብዬ እጄ ጨርቁን አልፎ ይሄዳል። ጨርቁ ይታየኛል፤ ነጭ ነው፣ ጥጉ የተቃጠለ ነው። እጄ ግን ከሱ አንድ ስንዝር ወዲያ ሣር ይጨብጣል። አትጠገብ ጎንበስ አለችና አፌን አሸተተችኝ።

«አልጠጣሁም» አልኋት።

«ብትጠጣ ይሻል ነበር» አለች። «ተነሥ፣ ቁይ እንሂድ። ጤና ጣቢያ ይዩህ።»

ልብ በሉ፤ ይህን ያለችኝ ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ ነው።

እምቢ አልኋት። ለምን እንዳልሁም አልነገርኋትም፤ ለናንተ ግን እነግራችኋለሁ። ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንዲት ሴት ደጄ ላይ አልቅሳ ክታብ ጻፍልኝ ብላኝ ነበር። ሦስት ልጅ ቀብራለች፤ አራተኛውን አርግዛለች። የንስሐ አባቴ አባ ይባቤ ደግሞ ክታብ እንዳልጽፍ ከገዘቱኝ ቆይቷል። እንባዋ አሸነፈኝና ጻፍሁላት። በየትኛው ብዕር? በዚያው እመቤታችንን በምጽፍበት ቀይ ብዕር። ሳልናዘዝም ወደ ዳዊቱ ተመለስሁ። ስለዚህ እጄ ቀንዱን የሳተ ጊዜ፣ የሳተውም በስሟ ላይ ስደርስ ስለሆነ፣ ለኔ ነገሩ የተፈታ ነበር። ተቀጣሁ አልሁ። የተቀጣ ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት ምን ሊያደርግ ይሄዳል?

የዚያኑ ቀን ሱባዔ ልይዝ ነው ብዬ ጠበል ወዳለበት ሸለቆ ወረድሁ። መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። በሽቦ የታሰረውን የጠበሉን ግቢ በር ለመክፈት ግን ስንት ጊዜ አየሩን እንደጨበጥሁ ለመናገር ያሳፍረኛል። ጠበል ቀጂው ጣሳውን ሲሰጠኝ እጄ ጣሳውን አልፎ እጅጌውን ያዘ። «መሪጌታ፣ ቀስ ይበሉ» አለኝና ጣሳውን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እጄ አንዴ ከነካው በኋላ ምንም አይሆንም፤ አጥብቆ ይይዛል፣ አፌም ላይ በትክክል ይደርሳል። ይኼም የቅጣቱ ረቂቅነት መሰለኝ።

ማክሰኞን፣ ረቡዕን፣ ሐሙስን እዚያ አሳለፍሁ። ማንም እንዳያየኝ ጥግ ይዤ ቁጭ እላለሁ። የሰው ፊት እለያለሁ፣ ማዶ ተረተር ላይ ያሉትን በጎች እቆጥራለሁ፣ የጸሎት መጽሐፌን አነባለሁ። አጠገቤ ያለውን ዳቦ ለማንሣት ግን እንደ ዕውር በዳበሳ ነው። ዕውር ብሆንማ ሰው ይመራኝ ነበር እያልሁ ለብቻዬ አለቀስሁ። ፈራሁ። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ አባ ይባቤ መጡ። አትጠገብ ናት የላከችብኝ። ትንሽ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ይንቋቋል። እግራቸው ሥር ወድቄ ሁሉንም ተናዘዝሁ፤ ክታቡን፣ ሴትዮዋን፣ ቀይ ብዕሩን።

«ቀኖናህን ኋላ እሰጥሃለሁ» አሉ። «በል መስቀሉን ተሳለም።»

መስቀሉን ዘረጉልኝ። የእንጨት መስቀል ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ አንድ ክንዱ የተፋቀ። ይዤ ልስመው እጄን ዘረጋሁ። አጠገቡ ያለውን ባዶ ጨበጥሁ። እንደገና ዘረጋሁ፤ እንደገና ባዶ።

«ሸሸኝ! አባቴ፣ መስቀሉ ሸሸኝ!» ብዬ ጮህሁ። ጠበልተኛው ሁሉ ዞረ። ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ ቀረሁ።

አባ ይባቤ «ቀና በል» አሉኝ። ቀና ስል መስቀሉን ብብታቸው ሥር ከተውታል፤ በእጃቸው የያዙት የጠበል ቀጂውን ጣሳ ነው። «እስቲ ይኼን ያዝ» አሉ።

ሳትሁት። ወደ ሌላው ጎን አዞሩት፤ ሳትሁት።

«መስቀሉስ ይሁን፣ ሸሸህ እንበል» አሉ ረጋ ብለው። «ጣሳው ምን ቂም አለውና ነው የሚሸሽህ?»

ጣሳውን ለጠበል ቀጂው መለሱለት።

«ኃጢአትህን ሰምቻለሁ፤ ኃጢአት ነው። ይኼኛው ግን በሽታ ነው ልጄ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከማክሰኞ።»

«ማክሰኞ!» አሉና እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ያን ያህል ሲደነግጡ ሳይ ነው መጀመሪያ በገዛ እጄ ያጠፋሁት ነገር እንዳለ የገባኝ።

በማግሥቱ ዐርብ ማለዳ ከቁይ በሚኒባስ ተነሣን፤ አትጠገብ በግራዬ፣ ጎረቤት በቀኜ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው ላይ ሰላም ጠበቀችን። «አባዬ!» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ፤ እኔ ልጨብጣት ስል ቦርሳዋን ያዝሁ። አልሳቀችም። ከንፈሯን ነክሳ እጄን ራሷ ፈልጋ ያዘችው።

ሐኪም ቤት ያየችኝ ዶክተር በዕድሜ ከሰላም ብዙ አትበልጥም። ሐኪም ለዓይኔ ጠብታ ወይም መነጽር ያዝዝልኛል ብዬ ነበር። እሷ ግን ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣች።

«ይኼ ምንድን ነው፣ አባቴ?»

«እስክሪብቶ ነዋ።»

«ቀለሙስ?»

«ሰማያዊ። ጫፉን ነክሰሽዋል፤ ተማሪ ሳለሽ የለመድሽው ነው?»

ፈገግ አለች። «ዓይንዎ ከኔ ይበልጣል። በሉ ይያዙት።»

ሳትሁት። እሷ አልደነገጠችም። «አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑና በዚያው እጅ አፍንጫዎን ይንኩ።» ነካሁ። «ግራ ጉልበትዎን።» ነካሁ። «ጆሮዎን።» ሁሉንም አንድም ሳልስት ነካሁ። «አሁን ዓይንዎን ይክፈቱና የኔን ጣት ይንኩ።» ጣቷን አልፌ አየር ነካሁ። ሁለት ጣቶቿን ግራና ቀኝ አድርጋ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዩ አለችኝ፤ ዓይኔም ራሱ ወደ ቀኝ ሲሄድ እየዘገየ፣ እየተንገዳገደ ነው የሚደርሰው። ከዚያ የጭንቅላት ፎቶ አስነሡኝ።

ፎቶውን ይዛ ስትመለስ ወንበሯን አስጠጋች። «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። «እንዴት እንደሚጽፉ ያስረዱኝ፤ ዓይንዎ መቼ የት እንዳለ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ሥራዬን በሐሳቤ እየሠራሁ ነገርኋት። መጀመሪያ ዓይኔ የምገለብጠው መጽሐፍ ላይ ነው፤ ቃሉን ያነሣል። ቀጥሎ ወደ ቀለም ቀንዱ ይሄዳል፤ እጄ ገና ጉልበቴ ላይ ነው። እጄ ቀንዱ ጋ ሲደርስ ዓይኔ እዚያ የለም፤ ቀድሞ መስመሩ ላይ ሄዶ ብዕሩን ይጠብቀዋል። ስንት ዓመት ስጽፍ ይህን አላወቅሁም ነበር። ያወቅሁት ካጣሁት በኋላ ነው።

«ልክ ነው» አለች ዶክተሯ። «ዓይን ይቀድማል፤ ቦታውን አይቶ ለእጅ ያስረክባል። ዓይንዎ ደኅና ነው፣ እጅዎም ደኅና ነው። ያየነው ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቀው የአንጎል ክፍልም ደኅና ነው፤ ለዚህ ነው የሚያነቡት። የተጎዳው ነገሩ የት እንዳለ ለእጅ የሚያስረክበው ቦታ ነው። እዚህ ጋ ደም ተቋርጦበታል። አፍንጫዎን ግን እጅዎ ያለ ዓይን ያውቀዋል፤ ስለዚህ አይስተውም።»

«ይድናል?»

«የተወሰነ ይሻሻላል። ዳግመኛ እንዳይመታዎ ደግሞ ኪኒኑን ከእንግዲህ አያቋርጡም። መቼ ነው የጀመረዎት?»

«ማክሰኞ ጠዋት።»

«ዛሬ ዐርብ ነው» አለች። «በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጥተው ቢሆን፣ ምናልባት...»

«ምናልባት ምን?»

«ምናልባት ነው አባቴ። እርግጡን ማንም ሊነግርዎ አይችልም።»

አትጠገብ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ነግሬህ ነበር አላለችኝም፤ እስከ ዛሬም ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ እመርጥ ነበር።

ከሐኪም ቤት ወጥቼ ቤቴ ስገባ መሪጌታ ጥበቡ ወሬውን ሰምቶ መጥቶ ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ቀይ የፈሰሰበትን ቅጠል ይዞ በብራና መፋቂያ ቀስ እያለ ይፍቃል። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው። ቀና ብሎ አየኝና «በል ተናገር፤ ቃጭሉ እንዴት ነው?» አለኝ። ሳቅሁና ወዲያው እንባዬ መጣ።

«ጽዮን ደርሳለች» አለ መፋቂያውን አስቀምጦ። «የቀረውን እኔ ልጻፍልህ። የአንተን ፊደል አስመስላለሁ። ዲማ አንድ ሽማግሌ ነው ያስተማሩን፤ ማንም አይለየውም።»

እውነቱን ልናገር፤ እሺ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መጽሐፉ የኔ ብቻ መስሎ ይግባ፣ ስሜ አይጉደል፣ ማንም አይወቅ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ሦስቱ ቀን ትዝ አለኝ። እነዚያን ሦስት ቀናት የበላው ማንም አይወቅ ማለቴ ነው።

«አታስመስል» አልሁት። «በራስህ እጅ ጻፈው።»

በራሱ እጅ ጻፈው። የጥበቡ ፊደል ከኔ ወፈር ይላል፤ የፊደሎቹ እግር አጣጣልም ይለያል። ከዐርቡ ውዳሴ ጀምሮ ጽሕፈቱ የሌላ ሰው መሆኑን ማንም ያየዋል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቃሉን አነብለት ነበር። እያንዳንዷን መስመር ሲጨርስ ከኔ መስመር ጋር አስተያያለሁ። ቀናሁ። ያዳነኝን ሰው ቀናሁበት፤ ይኼንም ጻፊው፣ ሰላም።

ሁሉ አልቆ የጸሐፊው ስም የሚገባበት መስመር ሲቀር ጥበቡ ብዕሩን አስቀመጠ። «ይቺን አንተ ነህ የምትጽፋት» አለ።

«አብደሃል?»

«ዓይንህን ጨፍን። ዶክተሯ ምን አለችህ?»

ብራና ላይ መስመር የምናሰምረው በቀለም አይደለም፤ በወስፌ ተጭነን ነው። የጥፍር ጫፍ ቢሄድበት ጎድጓዳው ይሰማል። የግራ እጄን ጥፍር መስመሩ ላይ አኖርሁ። አትጠገብ ብዕሩን ቀለም አስነክታ ቀኝ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ጥበቡ ጫፉን ጥፍሬ አጠገብ አደረሰልኝ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ለስንት ሳምንት ያላገኘሁትን ያን የብዕር ጩኸት ሰማሁ። «ዘጸሐፎ ለዝንቱ መጽሐፍ ወልደ ሚካኤል» ብዬ፣ ይህን መጽሐፍ የጻፈው ለማለት፣ የክርስትና ስሜን ጻፍሁ። እየጻፍሁ እንደ ድሮዬ የሚያምር መሰለኝ።

ዓይኔን ገለጥሁ። የመጀመሪያው ቃል ፊደሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተሳፍረዋል። መሐሉ ደኅና ነው። መጨረሻ ላይ ጥፍሬ ተንሸራቶ ኖሮ ስሜ መስመሩን ለቆ ወደ ላይ ወጥቷል። ከዚያ ሁሉ ቅጠል አስቀያሚው መስመር እሱ ነው። ጥበቡ መፋቂያውን አነሣ። «ልፋቀው?» አለኝ። ተወው አልሁት።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ዛሬ ጠዋት ብርጭቆ አንሥታችኋል። ዓይናችሁ ቀድሞ ሄዶ እጃችሁን ሲጠብቀው አላያችሁትም፤ እኔም አላየሁትም ነበር። ስለ ጤና ልሰብካችሁ አይደለም። እጃችሁ ሊይዝ ያሰበውን የሳተ ቀን ግን፣ ለምን ሆነብኝ ብላችሁ ከራሳችሁ ጋር ስትሟገቱ ሰዓቱን አታሳልፉ፤ ሩጡ። እኔ ምክንያት ስፈልግ ሦስት ቀን አለፈ። ለምክንያቱም ኃጢአት አላጣሁም፤ ሰው ከፈለገ ምን ጊዜም ያገኛል። ያቺ ክታብ የጻፍሁላት ሴትዮ ልጇን በሰላም ወልዳለች፤ ስታየኝ እጄን ስማ ታለቅሳለች። እኔ ምን እንደምላት አላውቅም። ቀን ቀን ነገሩን አፍጥጬ እያየሁ እጄን ማድረስ እለማመዳለሁ፤ ጣሳ እይዛለሁ፣ የሸሚዜን ቁልፍ እቆልፋለሁ። ብዕር ግን ከዚያ ወዲህ አልያዝሁም። ያቺ «ምናልባት» የምትባል ቃል አብራኝ ትበላለች፣ አብራኝ ትተኛለች።

የጽዮን ዕለት ዳዊቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ሲሰጥ አባ ይባቤ ተቀበሉ። ሕዝቡ እያየ ቅጠሉን እየገለበጡ እስከ መጨረሻው ሄዱና ቆሙ። አጠገባቸው ያለ አንድ ቄስ አጎንብሶ አየና «ይኼን የመጨረሻውን ማን ነው ያበላሸው?» አለ። ጥበቡ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ክንዱን ልይዘው ብዬ ሁለቴ ሳትሁት፣ በሦስተኛው ያዝሁት።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

አባ ይባቤ መጽሐፉን ዘጉና መስቀላቸውን አውጥተው ወደኔ መጡ። ከጠበሉ ቀን ወዲህ ያን መስቀል ሲዘረጉልኝ እጄን አልዘረጋም። ዓይኔን ጨፍኜ እስኪነካኝ ድረስ እጠብቃለሁ።